«ሁሉም በሰላም ወጥተዋል» ካሉ በኋላ የኖሩት የእኅታችን ዜና ሕይወት

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ መቆም የከበዳችሁ ተቀመጡ። ይህን የማነበው ታላቅ ወንድማቸው ስለሆንኩ እንጂ ተምሬ አይደለም፤ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ፊደል ለይቼ ዳዊት መድገም ስጀምር ነው። ዕድሜ ልኬን «አንቺ» ስላቸው የኖርኩትን ታናሽ እኅቴን ዛሬ በአንቱታ ማንሳት ምላሴን ቢይዘኝም፣ ሥርዓቱ ይህ ነውና ታገሱኝ።

እኅታችን ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን፣ ከአናጢው አባታችንና የሆስፒታል አንሶላ ያጥቡ ከነበሩት እናታችን ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ወሬ የማያመልጣቸው ስለነበሩ ሰፈሩ «ሬዲዮ» ብሎ ስም አወጣላቸው። አባታችን ማንበብ ስለማይችሉ፣ እኅታችን ሚስማር ተጠቅልሎበት የመጣውን የጋዜጣ ቁራጭ በመዳፋቸው እያቃኑ ያነቡላቸው ነበር። ወረቀቱ ተቀዶ ወሬው መሐል ላይ ሲቋረጥ አባታችን «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ፤ እኅታችንም ከራሳቸው ጨምረው ይጨርሱላቸዋል። አባታችን ነገሩን ያውቁ ነበር፤ ግን እየሳቁ ያዳምጧቸው ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት ሲጨርሱ አንድ የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ጋዜጠኝነትና የሕዝብ ግንኙነት አጠኑ። የጋዜጠኝነቱ መምህር ዕድሜያቸውን በጋዜጣ ቤት የፈጁ ቁጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ «ዓይንሽ አይቷል? ካላየ ጣትሽ አይጻፍ» ይሉ ነበር። የሕዝብ ግንኙነቱ መምህር ግን ሰባኪ ሲሆኑ፣ የድርጅት ስም እንዴት እንደሚጠበቅና መግለጫ ሁሉ በምስጋና መከፈት እንዳለበት እያስተማሩ፣ «የእምነት ሰው ከማየቱ በፊት ያመሰግናል» ይሉ ነበር። እኅታችን ለእረፍት መጥተው ይህን ሲያጫውቱኝ፣ «አንዱ መስኮቱን ክፈቺ፣ አንዱ መጋረጃውን ዝጊ ካሉሽ፣ አንቺ ምን ልትሆኚ ነው?» ብላቸው፣ «የሚቀጥረኝ ያለውን ነዋ፣ ጋሼ!» ብለው ቤቱን አሳቁት።

እንደተመረቁም ያው ዩኒቨርሲቲ ቀጠራቸው። ቢሮው ከደረጃ ሥር ያለ ጠባብ ክፍል ነበር፤ ከጎኑም ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ የሬዲዮ ስቱዲዮ ነበር። የሬዲዮው ቴክኒሻን የሆኑትን ባለቤታቸውን ያገኙት እዚያ ነው። ሰውየው ዝምተኛ ስለሆኑ እኅታችን «እኔ አወራለሁ፣ እሱ ያጠፋኛል» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ተጋብተው ሴት ልጅና ወንድ ልጅ ወለዱ።

በዚያ ቢሮ አንድ ልማድ ነበረ። መግለጫ ሲጻፍ ምስጋናው አስቀድሞ ከላይ ይሰፍራል፣ ጉዳዩ በኋላ ከሥር ይሞላል። ለምረቃውም፣ ለአዲሱ ሕንፃም፣ ለኳስ ጨዋታውም እንዲሁ ስለነበር፣ ክፉ ቀን እስኪመጣ ማንም ነገሬ አላለውም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የሴቶች ማደሪያው ተቃጠለ። ተማሪዎቹ ሜዳ ላይ ተሰብስበው እየተላቀሱ ሳለ፣ የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት እኒያው ሰባኪ መምህር «ወላጅ ይጨነቃል፤ ቶሎ በይ» ስላሏቸው፣ እኅታችን ከላይ ከተጻፈው ምስጋና ጋር የሚስማማውን ከሥር ሞልተው ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጡ፤ በዚያ ሰው ሁሉ በሚወደው ድምፃቸው «ልጆቻችን ሁሉም በሰላም ወጥተዋል» ብለው አነበቡ። ሜዳው ላይ ያሉት ተማሪዎች ግን ገና በስም አልተጠሩም ነበር።

አንዲት የአንደኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ማደሪያው ውስጥ አሟት ተኝታ ነበር። በጭስ ታፍና በጓሮ በር ስትወጣ ያገኛት የዳቦ መኪና ሹፌር፣ ለማንም ሳይናገር ጭኗት ወደ ሆስፒታል በረረ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እሳቱን ሰምተው በነጠላ ጫማ እየሮጡ ሳለ መንገድ ላይ ከጫማ ጠጋኙ ሬዲዮ የእኅታችንን ድምፅ ሰሙ። እዚያው አስፋልቱ ላይ ተንበርክከው አመሰገኑና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ልጅቱ ሆስፒታል ሆና ስለ እናቷ ትጠይቅ ነበር አሉ፤ ነርሷም «እየመጡ ነው» ትላት ነበር። እናቷ ሳይደርሱ አረፈች።

እናትየዋ በማግስቱ ቢሮው ደወሉ። አልተራገሙም። «አንቺ ነሽ? ድምፅሽን ለየሁት። እኔ እኮ መንገድ ላይ ነበርኩ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ከዚያ በኋላ እኅታችን የስቱዲዮውን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ባደረጉ ቁጥር ሰው ሲተነፍስ ይሰሙ ጀመር። ባለቤታቸው ገመዱን ፈትተው ቀጠሉ፣ ማይክሮፎኑን ለወጡ፤ ምንም አላገኙም። ቤትም ውስጥ ሽንኩርት እየከተፉ ድንገት ቢላዋውን ያስቀምጡና «ማን ነው የመጣው?» ይላሉ። የመጣ ሰው የለም። ልጆቻቸው «የለም እማዬ፣ ነፋስ ነው» ማለትን ከ«አባታችን ሆይ» ጸሎት ጋር እኩል ተምረው አደጉ። መንፈስ ነው ብለው እጃቸውን ጭነው የጸለዩላቸው ነበሩ፤ እኔም ጸልያለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ እኔም አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ፣ ከኋላዬ ሰው የገባ መስሎኝ ዞሬያለሁ።

ዩኒቨርሲቲው «የመረጃ መዛባት ተፈጥሯል» የሚል ማስተባበያ አዘጋጅቶ እንዲያነቡ ሰጣቸው። እኅታችንም ወረቀቱን ገልብጠው አስቀመጡና፣ አገር በሚያዳምጠው በዚያው ሬዲዮ «መረጃው አልተዛባም። ሳላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ» አሉ። ባለቤታቸው አጥፋ ተብለው በመስታወቱ በኩል ቢታዘዙም፣ ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቆሙ። ሁለቱም ከሥራ ወጡ፤ ባለቤታቸው የሰው ቴሌቪዥን እየጠገኑ፣ እኅታችን የሰው ልጅ እያስጠኑ ቤታቸውን አቆሙ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የዩኒቨርሲቲው አመራር ሲለወጥ፣ በዚያው ትምህርት ክፍል እንዲያስተምሩ ተጠሩ። ከላይ የሚጻፈውን ምስጋና ያስቀሩት እሳቸው ናቸው፤ «እናመሰግናለን፤ ግን ቆጥረን» ይሉ ነበር። «ዓይንሽ አይቷል?» ማለት ስለማይታክታቸው ተማሪዎቹ «እማማ ዓይን» አሏቸው። አሞት የቀረ ተማሪ እንኳ ግንባሩን አስጠግቶ «እማማ ዓይን፣ ይንኩኝና ይመኑ» እስኪላቸው ድረስ ታወቁበት። ይስቁ ነበር። ሳቃቸውን ያልጨረሱት ግን ብዙ ጊዜ ነው፤ መሐል ላይ ጆሯቸውን ወደ በሩ ይሰጣሉ።

እኅታችን የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ፊት ለፊት አይተዋቸው፣ ይማሯቸውም ይርገሟቸውም፣ የሚሉትን እንዲሏቸው። ስለዚህ በየጊዜው ወደ ሴትዮዋ ቤት ይሄዱ ነበር። በሩን ሲያንኳኩ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ ይላል፤ ተስፋ ቆርጠው መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ደግሞ ይጀምራል። አብሬያቸው በሄድኩ ጊዜ «እኔ ልጥራቸው እንዴ?» ብላቸው፣ «ተው ጋሼ፤ መኪናው መቆሙ መስማታቸው ነው፤ ይበቃል» አሉኝ። አልበቃቸውም። ፀጉራቸው እስኪሸብት ተመላለሱ።

ከጊዜ በኋላ ሳንባቸውን ታመሙ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ሳይሰስቱ አስታመሟቸው፣ ሐኪሞቹም የሚችሉትን አደረጉ፤ ሕመሙ ግን ጸና። ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳና ከፈትኩ። ልብስ ሰፊዋ ናቸው። አርጅተዋል። «አለች?» አሉኝ፤ «አሉ፣ ይግቡ» አልኳቸው። ወደ መኝታ ቤቱ ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉት። ውጭ ቆሜ ለቅሶ አልሰማሁም፣ ቁጣ አልሰማሁም፣ ጸሎትም አልሰማሁም። ቆይተው ወጡ፤ ቀና ብለው ሳያዩኝ ሄዱ። ስገባ እኅታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ምን እንዳሏቸው ብጠይቃቸው እጄን ያዙኝ እንጂ አልመለሱልኝም። በማግስቱ ማለዳ፣ ልጆቻቸው ባሉበት፣ ዐረፉ።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ በየጋዜጣውና በየሬዲዮው ተበትነው የሚሠሩ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ትናንት ይህን ስጽፍ አንዳንዶቻችሁ ፍቅር አስገድዷችሁ፣ «ይቅር ተባብለው ተለያዩ ብለህ ጨርሰው፤ ለቤተሰቡ መጽናኛ ይሆናል» አላችሁኝ። እኔም እንዲያ ቢሆን ምንኛ በወደድኩ። ግን አላየሁም፣ አልሰማሁምም፤ ስለዚህ በእኅቴ ሬሳ ፊት አላነበውም። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ቆመዋል። እባካችሁ ዞራችሁ አትዩአቸው። ምን ይዘው እንደመጡ እሳቸውና እግዚአብሔር ያውቃሉ።

አሁን እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ እናቷን ስትጠብቅ ያረፈችውን ልጅ አንተ ታውቃታለህ። እናቷንም ታውቃቸዋለህ። ይህችን ታናሽ እኅቴንም ታውቃለህ። ነፍሷን አሳርፈሃታል ብዬ አላውጅም፤ አሳርፋት ብዬ እለምንሃለሁ። አሜን።