የጉቶው ዳኛ

አጣና ተሸክሜ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ጊዮርጊስ ሽቅብ ስወጣ «በሕግ አምላክ፣ ቁም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አንዲት ባልቴትና አንድ ሽማግሌ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው የመንገድ ዳኛ ይፈልጋሉ። በሕግ አምላክ ከተባለ አይታለፍም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሸክሜን የማወርድበት ሰበብ በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። ዳዊት ሳልደግም ከቄስ ትምህርት ቤት የኮበለልኩት ሰውዬ አጣናዬ ላይ ተቀምጬ እግሬን አነባበርኩ።

«የዚህ ሰውዬ ባሕር ዛፍ ምንጬን ጠጣብኝ፤ ጎመኔ ደረቀ» አሉ ባልቴቷ።

«አገሩ ሁሉ ቤት የሚሠራው በኔ እንጨት ነው። ሌላ ምን በልቼ ልደር?» አሉ ሽማግሌው።

ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ከምንጩ የራቀው ይቆይ፣ ምንጩ አጠገብ ያለው ይቆረጥ» ብዬ ፈረድኩ። ሽማግሌው ቶሎ ብለው እጅ ነሱ። እኔም እንዴት ያለሁ ዐዋቂ ነኝ አልኩ በሆዴ።

ባልቴቷ ግን «አንተ ልጅ፣ ባሕር ዛፍ ቢቆርጡት ከጉቶው አራት ሆኖ እንደሚያቆጠቁጥ አታውቅም? ታዲያ ምንድነው ስትሸከም የምትውለው?» አሉኝ። እኔ የማውቀው ክብደቱን ነው።

«እንግዲያው ከነሥሩ ይነቀል» አልኩ አፍሬ።

«በዚህ ወገቤ?» አሉ ሽማግሌው። ሁለቱም ትከሻዬን ዐዩት። ጠዋቱን ሙሉ ሲጣሉ ያረፈዱት ሰዎች ያኔ ተስማሙ። ባልቴቷ እዚያው ካለው ቤታቸው ዶማ አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምንጩ ዳር ዛፎቹን ቆርጬ ጥዬ ገና ሁለተኛው ጉቶ ላይ ነበርኩ። ሥሩን መሃል ላይ ልቆርጠው ዶማዬን ሳነሳ፣ ሽማግሌው ከበላዬ ቆመው «ከነሥሩ ብለሃል እኮ ዳኛዬ» አሉኝ።