ለሣር ቤት የተገዛ ላስቲክ

ከመሐል ሜዳ ስንመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ የላስቲክ ጥቅል ታቅፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለችው ወጣት ጠየቀቻቸው።

«አባቴ፣ ላስቲኩ ለምንድን ነው?»

«ለጣሪያ ነው ልጄ። ቤቴ ያፈሳል።»

«ቅድም የጓሳ ሰው ነኝ አላሉኝም? ያ ሁሉ ሣር ደጃችሁ እያለ?»

«ሣሩማ አለ። እስኪያድግ ተዘግቷል፤ ማንም አያጭድም።»

«ማን ነው የዘጋው?»

«እኔው ነኛ። ሰዉ ለዚሁ አለቃ አድርጎ መርጦኝ።»

«ታዲያ ለራስዎ አንድ ሸክም ቢያጭዱ ማን ይናገርዎታል?»

«ማንም አይናገረኝም። በማግስቱ ግን ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል።»

«እስከ መቼ ነው?»

«ለበጋ እንከፍተዋለን። ያኔም ቢሆን አለቃ የሚያጭደው መጨረሻ ነው።»

«ባለቤትዎስ ምን አሉ?»

«መጀመሪያ አኩርፋ ነበር። ኋላ ላስቲክ ግዛ ብላ የላከችኝ እሷ ናት።»

«በየት በኩል ነው የሚያፈሰው?»

«እሷ በምትተኛበት በኩል ነበር።»

«አሁን ቆመ?»

«አልቆመም። ቦታ ተቀያየርን።»

ዝናቡ አውቶቡሱን መምታት ሲጀምር፣ ከኋላቸው ተንጠራርቼ በእሳቸው በኩል ያለውን መስኮት ዘጋሁት።