በማስመሪያ የተሳለ ቤት

ከመገናኛ ወደ ገርጂ የምንሄድበት ታክሲ መስኮት በዝናቡ ጉም ለብሷል። ከፊቴ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን አቅፈዋል። ልጅቷ በጣቷ መስታወቱ ላይ ክብ ሠራችና ከሥሩ ሁለት እግር አወጣችለት። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰውዬ ሳቀ።

«ማን ነው እሱ?»

«አያቴ ናት።»

«ሆዴን የት ጣልሽው?» አሉ አያቷ።

«እማማ፣ እንዳያርሟት። እኔ ልጄን አርሜ ጉድ ሆኛለሁ።»

«ምን አደረግህ?»

«ኬጂ ‹ቤተሰብሽን ሳዪ› ተብላ መጣች። እኔን ልክ እንደዚህ ሳለችኝ፤ እግሬ ከጭንቅላቴ የወጣ።»

«እሺ።»

«ላጲስ አነሳሁ። አንገት ጨመርኩ፣ ሆድ ጨመርኩ። ቤቱን በማስመሪያ አሰመርኩላት።»

«እሷስ?»

«መቅረጫ ይዛ ታየኛለች።»

«ስንት አገኘህ ታዲያ?»

«ከአሥር ስድስት።»

«አንተን የሚያህል ሰውዬ!»

«አንገቴ በዝቶ ነው መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ስሰጣት ‹አባዬ አንተ ሳል፣ እኔ አበላሻለሁ› ትላለች።»



«ምን ይሻልሃል?»

«በግራ እጄ መሳል ጀመርኩ። የኔ ሲከፋ እርሳሱን ትቀማኛለች ብዬ።»

«ቀማችህ?»

«ኧረ እሷ! ‹አይዞህ አባዬ፣ ያምራል› ትለኛለች።»

«አንተስ እንዲህ ብለሃት ታውቃለህ?»

«ወራጅ አለ!» አለ ሰውዬው።

እኔ ቅድም ለልጄ የገዛሁትን ማስመሪያ ቀስ ብዬ ወደ ቦርሳዬ ውስጥ ገፋሁት።