ባለ ላባዋ ጣውንቴ

እስቲ ፍረዱኝ። ለፋሲካ ዶሮ ቀደም ብለን እንግዛ ያልኩት እኔው ነኝ፤ በዓል ሲቃረብ ዋጋው አይቀመስም ብዬ። ባሌ ከእንጦጦ ከሚወርዱ ገበሬዎች አንዲት ቀይ ዶሮ ገዛና የካ አባዶ ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ አሰራት። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲገባ ቀድሞ የሚሄደው ወደ እሷ ነው። «በላሽ? ጠጣሽ?» ይላታል። እኔን እንዲህ ብሎ ከጠየቀኝ ቆየ! ጭራሽ ፈታትና ቴሌቪዥን ሲያይ ጭኑ ላይ ትተኛ ጀመር።

የበዓሉ ዋዜማ «እረድልኝ» ብለው «ወገቤን አሞኛል» ብሎ ሶፋ ላይ ተጋደመ። ሴት አታርድም፤ ስለዚህ ነጠላዬን ደርቤ፣ ዶሮዋን አቅፌ፣ ቢላዋ ይዤ ብሎኩ በር ላይ ቆምኩ። ያካፋል። አንድ ጎረቤታችን ሲያልፍ «ወንድሜ፣ ይቺን ባርክልኝ» አልኩት።

«ባልሽ የለም እንዴ?»

«አለ፤ ግን ይቺን አገባብኝ።»

ሰውየው ቢላዋውን ሳይቀበለኝ ባሌ በካልሲው ደረጃውን እየሮጠ ወረደ። ዶሮዋን ነጠቀኝና ጃኬቱን አውልቆ ጠቀለላት።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ? በዚህ ብርድ ታወጫታለሽ?»

እኔ ነጠላዬ በስብሶ እየተንቀጠቀጥኩ ነው። ቢላዋውን እንደያዝኩ ነው፤ ዓይኔ ግን ዶሮዋ ላይ አልነበረም።