አንዲትም ሴት ያልጠፋችባቸው ወይዘሮ ዶርካስ ፓርዲ

ወይዘሮ ዶርካስ ፓርዲ ከአባታቸው ከአቶ ኤልያም ፍሮድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሱዛና ቡትላንድ፣ በኒውፋውንድላንድ ጠረፍ በዚህችው በግሬይ ኮቭ መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። በዚያ ዕለት የነፈሰው ነፋስ የቤተ ክርስቲያናችንን ደወል ነቅሎ ማዶ መንደር ጥሎታል፤ የማዶ ሰዎች ደወሉ ዱሮም የእኛ ነው ይላሉ እንጂ እስከ ዛሬ አልመለሱትም።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው ለዓሣ እንደ ወጡ ጠፉ። ወይዘሮ ዶርካስ ይህችን ቃል የተማሩት ያን ጊዜ ነው። በእኛ መንደር የሞተ ሰው ሞተ፣ ከተማ ሄዶ ያልተመለሰም ቀረ ይባላል፤ ጠፋ የሚባለው ግን ባሕር ወስዶ ያልመለሰው ሰው ብቻ ነው። ጠፋ ሲባል የየቤቱ መጋረጃ ይወርዳል፣ ያለው ጀልባ ሁሉ ይወጣል። ያን ጊዜም ጀልባው ወጥቶ ባዶውን ተመለሰ፤ በመቃብር ቦታችንም የአቶ ኤልያም ስም የተጻፈበት፣ ከሥሩ ግን ማንም የሌለበት ድንጋይ ቆመ።

ትምህርታቸውን በመንደሩ ጀምረው በሴንት ጆንስ ከተማ በነርስነት ከተመረቁ በኋላ (መምህራናቸው ከጥያቄያቸው ብዛት የተነሣ ቶሎ ይመረቁልን ብለው ተማጽነው እንደ ነበር ይወራል) በ1963 ዓ.ም. ወደዚሁ ተመልሰው አርባ ዓመት አገልግለዋል። እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሻችሁን ያዋለዱ እሳቸው ናቸው። ባሕሩ ሲጋገር በበረዶው ላይ በእግራቸው ሲሄዱ አንድ የበረዶ ድብ መንገድ እንደ ለቀቀላቸው የባላቸው ወንድም አምብሮዝ በዓይኔ አይቻለሁ ይላል፤ ድቡ ግን ቃሉን አልሰጠም። በ1965 ዓ.ም. የመንደሩን ዝምተኛ አቶ ሊያንደር ፓርዲን አግብተው ሚነርቫንና ሄድሊን ወለዱ።

በ1987 ዓ.ም. ዶክተር ክሪስፒን ሆሌት የተባሉ ሐኪም የወር አበባ ደም ከልክ በላይ ለሚፈሳቸው ሴቶች የተሠራ አዲስ ክኒን ሊፈትኑ መጡ። ከአሥራ አንድ መንደር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሴቶች ፈቅደው ገቡ፤ መዝገቡንም የሚይዙት ወይዘሮ ዶርካስ ሆኑ። በስድስተኛው ወር ሠላሳ አንዱ ከቀጠሮ ቀሩ። የጥናቱ ደንብ ሁለት ቀጠሮ የቀረችውን ሴት «ጠፍታለች» ብሎ ጽፎ ከስሌቱ ማስወጣት ነበርና፣ ከዶክተሩ ቢሮ ወደ ክሊኒኩ አንድ ፖስት ካርድ መጣ፦ «ሚሊሰንት ድሮቨር ጠፍታለች።»

ፖስት ካርድ ደግሞ በእኛ አገር መጀመሪያ የሚነበበው በፖስታ ቤቷ ሠራተኛ ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መጋረጃ ሁሉ ወረደ፣ አሥራ አራት ጀልባም ወጣ። ጀልባዎቹ በዓሣ ፋብሪካው አጠገብ ሲያልፉ ሚሊሰንት ሽርጧን እንደታጠቀች፣ ቢላዋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ማንን ነው የምትፈልጉት?» አለች።

«አንቺን» አላት አምብሮዝ።

«እኔን? እኔማ ከጧት ጀምሬ ዓሣ ስበልት ነው የዋልኩት። ደግሞ ሳታፍር በእኔው ጀልባ ነው የምትፈልገኝ?»

ሰው ሁሉ ሲስቅ ወይዘሮ ዶርካስ አልሳቁም። አብረው ከወጡበት ጀልባ ወርደው ወደ ሚሊሰንት ጠጋ ብለው ለምን እንደ ቀረች ጠየቋት።

«ክኒኑ ያዞረኛል፣ ሲስተር። ቢላዋ ይዤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ልዙር? ክሊኒኩስ የሚከፈተው እኔ ሥራ ላይ ስሆን አይደል። ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም እንጂ እነግረው ነበር።»

ወይዘሮ ዶርካስ ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። ክኒኑ የጎዳቸው ሴቶች «ጠፍተዋል» ተብለው ከወጡ በመዝገቡ የሚቀሩት የተስማማቸው ብቻ ይሆናሉ፤ ክኒኑም ደኅና ነው ተብሎ ለሺህ ሴት ይታደላል። በማግስቱ ሴንት ጆንስ ገብተው በዶክተሩ ፊት ቆሙ።

«ቃሏ የሙያ ቃል ናት፣ ሲስተር፤ በክፉ አይተርጉሟት» አሉ ዶክተሩ።

«እኔ ጠፋ የሚለውን ቃል የተማርኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ዶክተር። በር ላይ ቆማ የምታናግረኝን ሴት ጠፋች ብዬ አልፈርምም።»

«እርስዎ ካልፈረሙ ሌላ ሰው ይፈርማል።»

«ይፈርም። እኔ ሠላሳ አንዱንም ይዤልዎት እመጣለሁ። እርስዎ ብቻ ወንበር ያዘጋጁ።»

ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ሙሉ ከመንደር መንደር፣ በጀልባና በእግር ዞሩ፤ ከሥራ ይባረራሉ የሚል ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ቢደርሳቸው በሁለቱም ጀርባ ላይ የሴቶቹን ስም ጻፉበት። የጥናቱ ውጤት የሚሰማበት የስብሰባ ቀን ሲደርስ ሃያ ዘጠኙ ሴቶች በጎማ ቦቲያቸው ወደ አዳራሹ ገቡ፤ የዓሣው ሽታ ግን ከእነሱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ደርሶ ነበር። ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር የሄዱት ሁለቱ በስልክ ተናገሩ። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ስድስቱን ያስቀረው ማዞሩ ነበር። የክኒኑ መጠን በግማሽ ተቀነሰ፣ የክሊኒኩ ሰዓት ከፋብሪካው ፈረቃ ጋር ተስማማ፣ ጥናቱም አንድ ዓመት ዘግይቶ ሁሉንም ሴት ቆጥሮ ታተመ። በግሬይ ኮቭ ክሊኒክም ሐሙስ ሐሙስ ሐኪሙ፣ መድኃኒት ቀማሚዋ፣ አዋላጇና በሽተኛዋ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ ጀመር፤ መጀመሪያ የምትናገረው በሽተኛዋ ናት፣ እስክትጨርስ ብዕር የሚያነሣ የለም። ዶክተር ሆሌት ሃያ ዓመት ሙሉ ከእነዚያ ሐሙሶች ከአንዱ እንኳ አልቀሩም፤ ዛሬም በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው በሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት የእንቁላል እጢ ካንሰር ሲገኝባቸው ወይዘሮ ዶርካስ ራሳቸው በአዲስ መድኃኒት ጥናት ገቡ። ለእርስዎ ላይደርስልዎት ይችላል ሲሏቸው፣ «ለእኔ መቼ አልኩ?» ብለው ፈረሙ። የሚያማቸውን ሁሉ በራሳቸው እጅ መዘገቡ፤ የሐኪሞቹን ፊደል ስሕተትም አብረው አረሙ። በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ያለፈው ማክሰኞ ጧት፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ። ሐሙስ ዕለት ከጥናቱ ቢሮ አንዲት ሠራተኛ ደውላ፣ በመጨረሻ ሕመማቸው ሁለት ቀጠሮ ስለ ቀሩ በመዝገቡ ምን ብለን እንጻፍ ብትል፣ ሚነርቫ እንዲህ ብላ መለሰች፦

«ሞታለች ብለሽ ጻፊ፣ እቴ። ጠፍታለች ብለሽ ብትጽፊ ግን ተነሥታ ትመጣብሻለች።»

ወይዘሮ ዶርካስ ልጆቻቸውን ሚነርቫንና ሄድሊን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ የባላቸውን ወንድም አምብሮዝን፣ እንዲሁም ከሠላሳ አንዱ በሕይወት ያሉትን፣ እነሆ ከፊት የተቀመጡትን ሃያ ሁለት ሴቶች ትተው አልፈዋል። ባዘዙት መሠረት ዛሬ በግሬይ ኮቭ መጋረጃ ያወረደ ቤት የለም፣ የወጣ ጀልባም የለም፤ በአባታቸው ባዶ ድንጋይ አጠገብ በራሳቸው ስም ሥር ያርፋሉ፣ የት እንዳሉም እናውቃለን። የብሱንም ባሕሩንም የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በስማቸው ጠርቶ ይቀበልልን። የአቶ ኤልያም ፍሮድን ስም ከጠፉት መዝገብ ሳያስፍቁ ከፊቱ እንደማይነሡም ከአሁኑ ይታወቅና፣ በዚያም ወንበር ይዘጋጅላቸው።