የዘማርያም አደራ

የኔታ ተክለ ሃይማኖት የቅኔ ተማሪዎቻቸውን ካሰናበቱ በኋላ የሚቀመጡት መስኩ ላይ ከቆመችው አሮጌ ኦራል ጥላ ሥር ነው። ቅዳሜ ከመካነ ሰላም ገበያ የምትመለሰው እፀገነት እዚያው አገኘቻቸውና ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች። ልጅቱ ብየዳ ተምራ ከመጣች ወዲህ ዓይኗ ከዚች የጦር መኪና ላይ አልተነሣም፤ የኔታም ይህን ያውቃሉ።

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት የወታደር ሹፌር የነበረው ልጃቸው ዘማርያም መኪናዋን እዚህ አድርሶ ነዳጅ አለቀበት። «አባባ፣ አደራ፣ እንዳትጠፋ» ብሎ ነዳጅ ፍለጋ በእግሩ ወደ አቀስታ ወጣ፤ እንደ ወጣም ቀረ። ከዚያ ወዲህ መንደርተኛው አዝኖላቸው በፊታቸው ስሙን አያነሣም። እሳቸውም ከመኪናዋ ላይ አንዲት ብሎን አላስነኩም።

«እንዴት ዋሉ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬም ስለ መኪናዋ ከሆነ ጉሮሮሽን አታድርቂ፣ ልጄ።»

«አብሽሩ የኔታ፣ ያለ ፈቃድዎ የሚነካት የለም። ግን ክረምቱ ደረሰ፣ ወንዙም ሊሞላ ነው።»

«ድሮም ይሞላል። አያቶቻችን እስኪጎድል ጠብቀው ይሻገሩ ነበር።»

«ጎረቤታችን በዛችም ጠበቀች። አምና ምጥ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ ስንወስዳት፣ ቃሬዛውን ወንዙ ዳር አውርደን ውኃው እስኪጎድል ስንጠብቅ ልጇ ሆዷ ውስጥ ቀረ። ዘንድሮም እርጉዝ ናት።»

የኔታ ጭራቸውን ወዘወዙ። ዝንብ ግን አልነበረም።

«እኔ ምን ላድርግ?» አሉ።

«ወንዙ በሚጠብበት የመኪናዋ ሻንሲ፣ ይህ ከሥሯ ያለው ረጅም ብረት፣ ከዳር ዳር ይደርሳል፤ ለክቼዋለሁ። የጭነት ሳጥኗ ብረት ደግሞ መረማመጃ ይሆናል።»

«ጥይት ስትጭን በኖረች መኪና ላይ ነፍሰ ጡር ይለፍ ትያለሽ?»

«ጥይት የጫንባት እኛ ነን፣ የኔታ። ብረቱ ምን አጠፋ?»

«አንቺ ልጅ!» ድምፃቸው ከፍ አለ። «አደራ ይበላል?»

እፀገነት ጎንበስ ብላ የመኪናዋን ጭቃ መከላከያ ነካ ብታደርገው ተቆርሶ እጇ ላይ ቀረ። «ዝገት እየበላው ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ። «አይቆጡኝና፣ ዘማርያም ያለዎት እንዳትነካ ነው ወይስ እንዳትጠፋ?»

ስሙን ከሰው አፍ ከሰሙ ስንት ዘመናቸው! የኔታ ግስ የሚያስተምሩ፣ ተማሪ አንዲት ቃል ሲስት የሚቆጡ ሰው ናቸው። የገዛ ልጃቸውን ቃል ግን ይህን ሁሉ ዘመን ስተው ኖረዋል።

«እንዳትጠፋ ነው ያለኝ» አሉ፤ እንባቸውም መጣ። «ለፋሲካ ሲመጣ እኮ ገበያተኛውን ሁሉ ጭኖ ያሻግር ነበር። የጡሩምባዋን ድምፅ ስትሰማ እናቱ ከቤት እልል እያለች ነበር የምትወጣ።»

«ታዲያ አሁንም ታሻግር፣ የኔታ።»

የኔታ ተነሥተው የመኪናዋን በር ዳሰሱና «መሪዋን ብቻ ለኔ ተይልኝ» አሉ።

አገሬው በደቦ ወጣ። ሻንሲውን በገመድ ጎትቶ ወንዙ ላይ አጋደመው፤ እፀገነት የሳጥኑን ብረት በላዩ በየደች፤ የኔታም በእጃቸው ጠበል ረጩበት። በዚያ ክረምት ወንዙ እንደ ልማዱ ሞልቶ አገሳ። በዛች ግን በጊዜ ተሻግራ ጤና ጣቢያ ደረሰች፤ ሴት ልጅ ታቅፋም ተመለሰች። ተማሪው ከትምህርቱ፣ ገበያተኛው ከገበያው አልቀረም። ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት የኖረ ብረት፣ ሰው ቢያስብበት ይህን ያህል ይጠቅማል።

ለድልድዩ ማን ስም እንዳወጣለት አይታወቅም። እፀገነት አንድ ማለዳ ስታልፍ የኔታን መሪዋን ታቅፈው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከወንዙ በኩል ሴቶች ይጠራራሉ። «ዘማርያም ጋ ጠብቂኝ!» ትላለች አንዷ። «ዘማርያምን አልፌያለሁ!» ትላለች ሌላዋ።

«ምነው በዚህ ብርድ ደጅ ተቀመጡ፣ የኔታ?»

«ስሙን ሲጠሩት እየሰማሁ ነው» አሉ።