እሾህ የሌለው አጋም

ባንቺዓለም ከገነተ ማርያም በታች ባለው ጠባብ መንገድ አባ ጽጌማርያምን ድንገት ስታገኛቸው ልቧ ክፉ ጠረጠረ። ያ ልብ ሌላ ሥራ የለውም፤ ልጇ ስታስል ሳንባዋን፣ ደመና ሲጠቁር በረዶውን ያስባል። ዛሬ ግን በብብታቸው የያዙትን የእንጨት እስር አየች።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ለፊደል ልጆቼ መፋቂያ ቆርጬላቸው መምጣቴ ነው። ከዚያ ከተባረከው አጋም!»

ቁጥቋጦውን አምና ሐምሌ ከገደሉ ሥር ካለው ጠበል አጠገብ አምጥተው፣ አበባው ለልጆቹ እንዲያውድ በመማሪያቸው ዙሪያ ሲተክሉት አይታ፣ መርዛማው መረንዝ መሆኑን ዐውቃ ነበር። «እኔ ማን ሆኜ ካህን አርማለሁ?» ብላ ዝም አለች። የራሷን ልጅ ብቻ፣ «እንዳትነኪው» አለቻት። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ የራስን ቤት ዘግቶ የጎረቤትን ክፍት ይተዋል።

«አባ፣ አይቆጡኝና ይህ አጋም አይደለም።»

«ቅጠሉ በዚህ ሁሉ ውርጭ አልረገፈም። እስቲ አበባውን አሽትቺው! አጋም ካልሆነ ምንድን ነው?»

«እሾሁስ የት አለ?»

«እሾህ በአዳም በደል የመጣ ነው። ይህ ከጠበሉ አጠገብ ስለበቀለ እርግማኑ ተነሥቶለታል። ፍየል እንኳ አክብራ አትቀምሰውም!»

«ፍየል ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የተባረከ የምታከብረው? የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ስትበላ የኖረች! በእሾህ መሃል አጋም የምትቀነጥብ ፍየል ይህን ለስላሳውን ለምን ትተወዋለች?»

አባ ሊስቁ ብለው ተዉት። እሷም ከመቃብሩ ዳር ወዳለው አሮጌ አጋም ወስዳ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳየቻቸው።

«ሁለቱም ይሸታሉ፣ ሲቆረጡም ወተት ያወጣሉ። የሚለያቸው ይህ ጥንድ እሾህ ነው። መረንዙን የድሮ አዳኞች አፍልተው ቀስት ይቀቡበት ነበር። አፍ ከገባ ልብ ያቆማል።»

እስሩ ከእጃቸው ወደቀ።

«መቼ ዐወቅሽ?»

«ሲተክሉት።»

«እኔስ ባላውቅ ነው። አንቺ ግን፣ ልጄ?»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

አባ የወደቀውን እስር እያዩ፣ «እንግዲህ ልጆቹ ያለ አበባ ሊቀሩ ነው?» አሉ።

«የለም፤ እውነተኛውን አጋም እንትከል። የበሰለ ፍሬውን አጥበን፣ ዘሩ ሳይደርቅ ዘርተን፣ ችግኙን ከውርጭ በሣር እንሸፍነዋለን። አጥሩ ከብት ይመልሳል፣ ንብ ይቀስመዋል፣ ልጆቹም ፍሬውን ይበሉታል። በበጋም ግቢው እንዲሁ ያውዳል።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ በሕዝቡ ፊት፣ «እኔ መርዛማውን መረንዝ አጋም ነው ብዬ ተሳስቼ ነበር፤ ልጆቻችንን ያተረፈች ይህች ናት» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ባንቺዓለም መሬት ብትውጣት ወደደች።

«እልል አትበሉልኝ» አለች። «ሲተከል ጀምሮ ዐውቅ ነበር። ልጄን ከልክዬ ልጆቻችሁን ተውኳቸው።»

እልልታው ተቋረጠ። ጎረቤቷ አዛለች ከአጥሩ ጥግ ዶማ አነሣች።

«በይ ነይ፣ የትኛው እንደሆነ አሳዪን» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «ዛሬ ደግሞ አንዱንም እንዳትዘልይ።»